ወርዋሪው ራሱ ይምታ

ባለፈው ሳምንት እዚህ ሮቤ፣ ልጄ ቤት፣ ከቴሌቪዥኑ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ተቀምጬ ነበር። ተጠግቼ የማየው ወድጄ አይደለም፤ የቀረችኝ ቀኝ ዓይኔም ዘንድሮ ጉም ለብሳለች። የልጅ ልጄ ጣቢያ ሲቀያይር አንዱ ኳስ የሚወረውርበት፣ ሌላው በዱላ የሚመታበት የፈረንጅ ጨዋታ ላይ ደረሰ።

"ተወው፣ አትቀይረው" አልኩት።

"ቤዝቦል ያውቃሉ እንዴ አባባ?" ብሎ ተገረመ። ስልኩን ነካካና ስለ ጨዋታው አነበበልኝ። ድሮ ወርዋሪውም ተራው ሲደርስ ዱላ ይዞ ይመታ ነበር አሉ፤ ከብዙ ዘመን ጭቅጭቅ በኋላ ግን ቀርቶለታል፣ በሱ ፈንታ ሌላ ሰው ይመታል።

"ቀረ?" አልኩት። "አዎ፣ ቀርቷል።" ልጁ ፊት እንዳላለቅስ ብዬ ወደ ደጅ ወጣሁ።

ጎባ የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ በነበረችበት በንጉሡ ዘመን እዚያ ተማሪ ነበርኩ። ቤዝቦልን ያመጣብን ሚስተር ዳን የሚባል የእንግሊዝኛ መምህር ነው። ዱላውን አናጢ ከወይራ ጠረበልን፣ ኳሷን ጫማ ሰፊው በቆዳ ሰፋልን። በጣም አጥብቆ ስለሰፋት ከድንጋይ አትሻልም ነበር። ወርዋሪው እኔ ነበርኩ፤ እጄ አይስትም።

ግራ ዓይኔ ግን አታይም። በልጅነቴ አውድማ ላይ የገብስ ገለባ ገብቶባት ጠፋች፤ ከውጭ ለሚያያት ደህና ትመስላለች። ይህን የሚያውቁት እናቴና ሁሴን ብቻ ነበሩ። ሁሴን የጎሮ ልጅ ነው፤ አንዲት ክፍል ተከራይተን አብረን እንኖር ነበር። እናቱ የምትልክለትን ጭኮ፣ ያንን በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት፣ እኔ ጾም ካልያዝኩ በቀር ከአንድ ዕቃ ነበር የምንበላው።

በዚያ ዓመት ከትምህርት ቤታችን አንድ ተማሪ ለመምህራን ማሠልጠኛ ተመረጠ። እኔ ነበርኩ፤ ተጠባባቂው ደግሞ ሁሴን። ሁለታችንም ለጤና ምርመራ ሄድን። እሱ ቀድሞ ገባና ሲወጣ የዓይን መመርመሪያው ሰሌዳ ላይ ያሉትን ፊደሎች በጆሮዬ ነገረኝ። "ከላይ እስከ ታች እንደ ዳዊትህ ሸምድዳት!" አለኝ። ቀኝ ዓይኔን ሲሸፍኑብኝ በቃሌ አነበነብኩላቸው፤ አለፍኩ። እኔ ብወድቅ የሚሄደው እሱ እንደነበር ልብ በሉልኝ።

ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ክርክር ነበረን። ወገን የሚለየው በዕጣ ነው፤ ብታምንበትም ባታምንበትም የደረሰህን ይዘህ ትሟገታለህ። አንድ ዓርብ ሚስተር ዳን በአገሩ ሰው የሚጣላበትን ጉዳይ አመጣ፦ ወርዋሪ መምታት አለበት ወይስ የለበትም? በማግስቱ ከሮቤ ልጆች ጋር የምንጫወተው በረታው ወገን ሕግ ነው አለን። እስከዚያ ድረስ፣ ኳሷ በጠፋችው ዓይኔ በኩል ስለምትመጣብኝ፣ ተራዬን በሰበብ ለሌላ ልጅ ሳስመታ ነበር የኖርኩት። ዕጣው ሲወጣ "ይምታ" ለእኔ ደረሰ፤ "አይምታ" ለሁሴን።

"ወላሂ፣ ዛሬ ተሸነፍልኝ" አለኝ በር ላይ። "እሺ" አልኩት፤ ከልቤም ነበር።

ስጀምር በቀስታ ነበር። "ሰው ላይ የሚወረውር ሲወረወርበት የሚሸሽ ከሆነ ፈሪ ነው" ስል አዳራሹ አጨበጨበ። ያ ጭብጨባ ራሴ ላይ ወጣ። ሁሴን ተራው ሲደርስ አዳራሹን ሳይሆን እኔን እያየ ተናገረ። "አንዳንድ ሰው የማይችለው ነገር አለ። ለምን እንደማይችልም መናገር አይችልም። አቦ፣ ማሩት።" እኔ ብድግ ብዬ፣ "ጓደኛዬ እንዲህ የሚለምነው ለየትኛው ሰነፍ ነው?" አልኩ። ሰው በሳቅ ፈረሰ፤ አብሬ ሳቅኩ። አሸነፍኩ።

በማግስቱ ወደ ሮቤ በእግር ወረድን። ታኅሣሥ ነው፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ የታጨደ ገብስ ተከምሯል፣ ልጆቹ ቆሎ እየቆረጠሙ ይዘፍናሉ። እኔ ዝናብ ጣል እያልኩ እጸልይ ነበር፤ የገበሬው እህል ሜዳ ላይ ተዘርግቶ! ሁሴን ከኋላዬ ይከተላል።

ተራዬ ደረሰ። ዱላውን ሳላነሳ ሦስት ኳስ አሳልፌ እወጣለሁ ብዬ መከርኩ። ሁለቱ አለፉ። ሦስተኛዋን አላየኋትም። ጉንጬ ላይ ስታርፍ ብቻ አወቅኳት።

መመታቴ አልነበረም ያጋለጠኝ። ፊቱ ላይ ኳስ ሲመጣበት ዓይኑን እንኳ የማይጨፍን ሰው የለም፤ እኔ ግን አልጨፈንኩም። ዳይሬክተራችን ጎንበስ ብለው ቀኝ ዓይኔን በመዳፋቸው ሸፈኑና፣ "ስንት ጣት ነው?" አሉኝ።

"ሦስት" አልኩ።

ማንም አልሳቀም። ለካ አንድም ጣት አላነሱም ነበር።

ስሜ ከማሠልጠኛው ተሰረዘ። ሚስተር ዳን ሊጠይቀኝ መጥቶ፣ "ለምን በግራ በኩል አልቆምክም? ደህናው ዓይንህ ወደ ኳሱ ይዞር ነበር" አለኝ። ግራ እጄን ሳስቀድም እየተቆነጠጥኩ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ከመካከላችን ዱላ በግራ የያዘ አንድ ልጅ አልነበረም፤ ቢይዝም ሁላችንም በጮህንበት። ይህንን ነው በቴሌቪዥኑ ያየሁት፤ አንዱ መቺ በግራ ቆሞ፣ ቀኝ ዓይኑን ወደ ወርዋሪው አዙሮ፣ ምንም እንዳልሆነ ሲመታ።

ሁሴን በእኔ ቦታ ሄደ። አልሄድም ብሎ ሦስት ቀን አስቸግሮ ነበር። አውቶቡሱ በሚነሳበት ጠዋት ሊሰናበተኝ አልጋዬ አጠገብ ሲቆም የተኛሁ አስመሰልኩ። እድሜ ልኬን ሱቅ ውስጥ ኖርኩ፤ ይህስ ይሁን። የሚያቃጥለኝ ያ ሳቄ ነው። ስለኔ ሲለምን ሳቅኩበት።

ለበዓል እንደዋወላለን እንጂ ያንን ቀን አንስተነው አናውቅም። አሁን ጡረታ ወጥቶ ጎሮ ነው ያለው። ደጅ ላይ ቆሜ ደወልኩለት።

"ሁሴን፣ ክርክሩን አሸንፈሃል። ሕጉን ቀይረውታል።"

ይስቃል ብዬ ጠብቄ ነበር።

"ያ ታዬ፣ ዓይንህ እንዴት ናት?" አለኝ፣ እንደ ድሮው በኦሮምኛ ስሜን ጠርቶ።

ለልጄ እንኳ ያልነገርኩትን ነገርኩት። "ቀኟም እየሄደች ነው። ፈርቻለሁ፣ ሁሴን።"

"ነገ በመጀመሪያው መኪና እመጣለሁ፤ ሐኪም ቤት አብረን እንገባለን" አለ። ቀጠል አድርጎም፣ "የሰሌዳውን ፊደል ግን ዘንድሮ አልነግርህም።"