ለቀዩና ለሰማያዊው የተጻፈው ደብዳቤ

ባለፈው እሁድ የልጄ የሰዓዳ አጎት ከአዲስ አበባ በመኪና የላከላት ካርቶን ደረሰ። ሰዓዳ በሽንኩርት መክተፊያው ቢላ ፕላስተሩን እየቀደደች ስትከፍተው ጣቷን እንዳትቆርጥ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ነጩ ፎም ሲጥ ሲጥ እያለ ሲወጣ አብሮት የወጣው ሽታ፣ ያ ገና ማንም ያልነካው የአዲስ ፕላስቲክ ሽታ፣ አፍንጫዬን ሲነካው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«እማ፣ ምን ሆንሽ? ላፕቶፕ እኮ ነው፣ አይናከስም» ብላ ሳቀችብኝ።

እኔም ሳቅሁ። ግን ያንን ሽታ ከዚያ በፊት በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር ያሸተትኩት፤ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ እዚሁ ከሚሴ፣ አንድ ክፍል በር ላይ ቆሜ፣ ወደ ውስጥ ሳልገባ።

ሰዓዳ ደሴ ሄዳ የኮምፒውተር ትምህርት እንድትማር ተመርጣለች። ወላጅ የሚፈርምበትን ወረቀት ካመጣችልኝ ሁለት ሳምንት ሆኖ ነበር፣ የመጨረሻው ቀን ደግሞ የዚያ እሁድ ማግስት፣ ሰኞ ነበር። አልፈርምም አላልኩም። ሥራዬን ስጨርስ ከመሳቢያው አወጣውና አነበዋለሁ፤ የምታድርበት ቤት የማን እንደሆነ፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን፣ ብትታመም ማን እንደሚደርስላት እያሰብኩ መልሼ አስገባዋለሁ። ነገ በደንብ ላንብበው እላለሁ። እኔ እንዲህ ነኝ፤ በር ቆልፌ ከወጣሁ በኋላ ተመልሼ የምነካ ሰው ነኝ። ይህ ጠባዬ ምን እንዳስከፈለኝ ግን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

በልጅነቴ በሰፈራችን ቴሌቪዥን የነበረው አያ ሙሄ ቤት ብቻ ነበር። አያ ሙሄ የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበሩ ከሄዱበት ሁሉ አንድ ነገር ይዘው ይመጣሉ፤ አንድ ጊዜ ቴሌቪዥን ይዘው መጡ። ሰው ቤታቸውን ስለሞላው ባለቤታቸው እቴ ፋጡማ ቴሌቪዥኑን መስኮቱ ላይ ወደ ግቢው አዙረው አስቀመጡት። ከመግሪብ ሰላት በኋላ ወንዶቹ አግዳሚው ላይ፣ ሴቶቹ ሰሌን ላይ፣ እኛ ልጆች አንገታችንን ቀና አድርገን ፊት ለፊት መሬቱ ላይ እንቀመጣለን። ሥዕሉ ሲበላሽ እቴ ፋጡማ ከቤቱ ጀርባ ሄደው አንቴናው የታሰረበትን እንጨት ያዞራሉ፣ ግቢው በሙሉ ደግሞ «ትንሽ! ትንሽ! በቃ፣ በቃ! አይ፣ አለፈ!» እያለ ይጮሃል። እቴ ፋጡማ ብዙውን ጊዜ ፊልሙን ያዩት በእኛ ጩኸት ነው።

ሰዉ የሚመጣው ለዜና ነው ይባል ነበር፤ የሚወደው ግን ማስታወቂያውን ነበር። ዜናው ስለ ሌላ ሰው ያወራል። ማስታወቂያው ግን ፊት ለፊት እያየን «ውድ ደንበኞቻችን» ይለናል፣ እኛን ደግሞ ከዚያ በፊት ማንም ውድ ብሎን አያውቅም።

አንድ ዓመት፣ በጋ ላይ፣ ሁለት የኮምፒውተር ኩባንያዎች በማስታወቂያ ተያያዙ። ስማቸው ለአፋችን ስላልገራ አንዱን ቀዩ፣ ሌላውን ሰማያዊው አልናቸው፣ ምልክታቸው እንደዚያ ነበረ። መጀመሪያ የወጣው ሰማያዊው ነው። ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ መነጽራቸውን አድርገው ኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጣሉ፣ ቀስ ብለው አንድ ፊደል ይነካሉ፣ ከዚያ ፈገግ ብለው ወደ እኛ ይዞራሉ። ግቢው ወደዳቸው፤ አባቴማ ሰላምታቸውን የሚመልስ ይመስል እጁን ደረቱ ላይ ያደርግ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ቀዩ መጣ። ሙሉ ልብስ የለበሰ ወጣት እየሮጠ ይገባና፣ እኚያው የሚመስሉ ሽማግሌ ሰማያዊው ሣጥን ፊት አንቀላፍተው ያገኛቸዋል። ይስቅባቸዋል። «እርስዎ እስኪነሱ እኔ ደርሼ ተመለስኩ!» ይልና ወንበራቸውን ከነእሳቸው እየገፋ ከክፍሉ ያስወጣቸዋል።

የመጀመሪያ ቀን የሚኒባስ ረዳቶቹ በሳቅ ፈነዱ፣ ከአግዳሚው ደግሞ «አስተግፊሩላህ!» የሚል ድምፅ ተነሣ፤ ከዚያ ጊዜ ወዲህ ሰፈራችን ሁለት ሆነ። ወጣቱ ቀይ፣ ትልልቁ ሰው ሰማያዊ። እቴ ፋጡማ ብቻ በዕድሜያቸው ከሰማያዊው መሆን ሲገባቸው ለቀዩ አደሉ፤ ሲጠየቁ «ጥርሱ ያምራል፣ ምን ላድርግ?» ይላሉ። ገበያ ላይ መልስ ለመስጠት የዘገየ ነጋዴ «አንተ ሰማያዊ፣ ንቃ!» ይባላል፤ ተቻኩሎ ስኒ የሰበረ «ቀዩ መጣ!» ይባላል። ከባቲ ገበያ የተመለሱ ሰዎች እዚያም ይኸው ክርክር እንዳለ ነገሩን። ከመካከላችን ኮምፒውተር በእጁ የነካ አንድም ሰው አልነበረም።

አባቴ ሸህ እንድሪስ ገበያው ዳር የስፌት መኪና ያለው ልብስ ሰፊ ነበር። ሰው የሚያውቀው ግን በመቀሱ ሳይሆን በሽምግልናው ነው፤ እዚህ አገር ጃርሱማ እንለዋለን፣ ሽማግሌ ተቀምጦ የተጣላን ማስታረቅ። አባቴ ባለበት ጃርሱማ የተቀመጡ ሰዎች ሳይታረቁ አይነሱም ይባል ነበር። ስለዚህ ሰማያዊው መልስ ሲሰጥ፣ የቀዩ ኮምፒውተር አልሠራ ብሎት ወጣቱ እያለቀሰ ሲመጣና ሽማግሌው በሩን ሲዘጉበት፣ ሰማያዊው አሸነፈ ተብሎ አግዳሚው በጭብጨባ ሲቀልጥ አባቴ ብቻ አላጨበጨበም።

«ይሄስ አልሆነም» አለ። «ልጁ አጠፋ፣ እሺ። ሽማግሌ እንዴት ለቅሶ ይዞ በመጣ ሰው ላይ በር ይዘጋል? እነዚህ ሰዎች አስታራቂ የላቸውም።»

አግዳሚው ላይ አጠገቡ የተቀመጡት አቶ ታደሰ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ቢሮ ውስጥ በጸሐፊነት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ የአባቴ ወዳጅ። «ሸህ እንድሪስ፣ ማስታወቂያ እኮ ነው። ዕቃ ለመሸጥ ነው» አሉት።

«ማስታወቂያ መሆኑን አጣሁት? ዕቃ ለመሸጥ ሽማግሌ መስደብ ከመቼ ወዲህ ነው? ሳይጣሉ ከተሰዳደቡማ ይብሳል! ማስታረቅ አለብን።»

አቶ ታደሰም «እንግዲያው በደብዳቤ ይሁን» አሉ። «ከላይ ‹ጉዳዩ› የሚልም ይኑረው።»

ልክ በዚያ ሰሞን ዋናው መንገድ ማዶ ባለች አንዲት ክፍል የኮምፒውተር ትምህርት ሊጀመር ነው ተባለ። አራት ኮምፒውተር መጥቷል፣ የሰጠው ቀዩ ኩባንያ ነው፣ ከስድስተኛ ክፍል ጥሩ ውጤት ያመጡ ሴት ልጆች በነጻ ይማራሉ። በሩ ላይ ከተለጠፉት ስሞች ሦስተኛው የእኔ ነበር፣ ዘሀራ እንድሪስ። ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ። ካርቶኖቹ ገና እየተከፈቱ ነበር፣ ነጩ ፎም ወለሉ ላይ ተበትኗል፣ ያ ሽታ ክፍሉን ሞልቶታል። ካርቶኖቹን የሚከፍተው ሰው ቀና ብሎ አየኝና «አባትሽን ይዘሽ ነይ፣ ይፈርማል፣ ከዚያ ትገቢያለሽ» አለኝ።

ወደ ቤት የሮጥኩትን ሩጫ እስከ ዛሬ እግሬ ያስታውሰዋል። አባቴ ሰማኝ፣ የስፌት መኪናውን አቆመ፣ ራሴን ዳበሰኝ፣ ዱዓ አደረገልኝ። ከዚያ አልፈርምም አለኝ። ተቆጥቶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ እያዘነ ነው የነገረኝ። አስታራቂ ነገሩ እስኪያልቅ ከሁለቱም ወገን ምንም አይቀበልም፣ ውሃ እንኳ አይጠጣም። አንድ ጊዜ ጨፋ ሮቢት በመሬት የተጣሉ ወንድማማቾችን ሲያስታርቅ፣ በዚያ ሐሩር ከጠዋት እስከ ማታ ከንፈሩ ተሰንጥቆ መዋሉን ሰፈሩ ሁሉ ያወራል። ያ ሰው የቀዩን ስጦታ ለልጁ ተቀብሎ እንዴት ደብዳቤ ይጽፋል?

«ይታረቁ ብቻ፣ በማግስቱ እጅሽን ይዤ ወስጄ እፈርማለሁ» አለኝ። «ጻፊውና ቶሎ ይሂድ። ያንቺ ጽሕፈት ያምራል።»

ጻፍኩት። አቶ ታደሰ እያስተካከሉ፣ አባቴ እየተናገረ፣ እኔ ምላሴን ነክሼ። «ጉዳዩ፦ እርቅን ይመለከታል» ይላል ከላይ። ከዚያ፣ እኛ የከሚሴ ሽማግሌዎች ጠባችሁን እያየን ማዘናችንን እንገልጻለን፣ ልጁ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቅ፣ ሽማግሌውም በሩን ይክፈቱለት፣ መምጣት ቢቸግራችሁ እኛ እንመጣለን ይላል። አድራሻው ቴሌቪዥን ጣቢያው ነው፣ እነሱ ለሁለቱም ያደርሳሉ ተባለ። ሁለቱ ፈረሙ፣ እኔ ፖስታ ቤት እንዳደርሰው ተሰጠኝ።

መንገድ ላይ አንድ ሐሳብ መጣብኝ። ፖስታው ገና አልተለጠፈም ነበርና ግንብ ላይ ተቀምጬ ከፊርማቸው ሥር በትንንሽ ፊደል አንድ መስመር ጨመርኩ፤ «እባካችሁ እስከ ምዝገባው ድረስ ታረቁ፣ አባቴ ያን ጊዜ ይፈርምልኛል።» ጽፌ እንደጨረስኩ ፍርሃት ያዘኝ። የሽማግሌ ደብዳቤ ላይ የራሴን ጉዳይ ጨመርኩ። መልስ ሲመጣ ይህን አንሥተው ቢጽፉስ? መልሱ ግቢው መሃል ጮክ ተብሎ ሲነበብ አባቴ ምን ይላል? ልደልዘው አልኩ፣ ድልዝ ያለበት የሽማግሌ ደብዳቤ ደግሞ ነውር ነው። ነገ በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ እወስደዋለሁ አልኩና፣ ከመኝታዬ አጠገብ የጭቃው ግድግዳ የተሰነጠቀበት ቦታ ውስጥ ሸጎጥኩት። ማታ አባቴ «ሄደ?» አለኝ። «ሄደ» አልኩ።

አንዴ ሄደ ካልኩ በኋላ በየትኛው አፌ ወረቀት ልጠይቅ? ነገ፣ ነገ ስል ምዝገባው አለቀ። ቦታዬን አንዲት የክፍሌ ልጅ ያዘችው፤ ዛሬ ባንክ ቤት ነው የምትሠራው፣ ስሄድ በመስኮቱ «ዘሀሪ!» ብላ ትስቅልኛለች፣ እኔም እስቃለሁ። ለኢድ ቤታችን በጭቃ ሲለሰን እናቴ ስንጥቁን ከነደብዳቤው ደፈነችው። በቀጣዩ ዓመት የአባቴ ዓይን እየደከመ ስለሄደ ከትምህርት ቤት ወጥቼ የስፌት መኪናው ላይ ተቀመጥኩ። ክረምት ሲገባ ቀዩም ሰማያዊውም ከቴሌቪዥኑ ጠፉ፣ በቦታቸው ሳሙና መጣ፣ ሳሙና ደግሞ አያጣላም።

አባቴ ግን አልረሳም። አያ ሙሄ ከመንገድ በተመለሱ ቁጥር «መልስ የለም?» ይላቸው ነበር፣ እኔ መርፌ ላይ አቀረቅራለሁ። ብዙ ዓመት አልፎ፣ አግብቼ ወልጄ፣ ታሞ ሳስታምመው፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ውሃ እያጠጣሁት «እነዚያ ሰዎች የከሚሴን ሽማግሌ ንቀው ቀሩ» አለኝ። ከዚያ «ቢሆንም ዐፉ ብያቸዋለሁ፣ ቂም ይዤ አልሄድም» አለ። ምንም ያላደረጉትን ሰዎች ይቅር አለ፤ ያደረገችው ልጁ ብርጭቆውን ይዛ ቆማለች። አልነገርኩትም። ቢላክም መልስ ላይመጣ ይችል ነበር፣ ይህን አውቃለሁ። ይመጣ እንደሆነ ግን እንዳላውቅ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ያ ቤት ዛሬ የለም። የፈረሰ ቀን ሄጄ ፍርስራሹን በእጄ አገላብጬ ፈለግሁ፤ ጭድና አፈር ብቻ ነበር። የአያ ሙሄ ግቢ ላይ ፎቅ ተሠርቷል፣ ሥሩ ሞባይል ይሸጣል።

እሁድ ዕለት ሰዓዳ ላፕቶፑን አስነሥታ አንድ ነገር ከፈተች፣ መጀመሪያ ማስታወቂያ መጣ፣ አንድ ልጅ ሊናገር አፉን ሲከፍት በጣቷ አሳለፈችው።

«ማን ነበር?» አልኳት።

«ማስታወቂያ ነዋ፣ እማ።»

«ምን ሊል ነበር?»

«እኔ ምን አውቄ!» አለች፣ እውነቷንም ነው። ዛሬ ሰው ሁሉ ለየብቻው ያያል፣ ለየብቻው ያሳልፋል። ማን ማንን እንደሰደበ የሚያይ አግዳሚ የለም። ያላየውን፣ የማያውቀውን፣ ሩቅ ያለን ሰው ጠብ የእኔ ጉዳይ ነው ብሎ ደብዳቤ የሚያስጽፍ ሽማግሌም ከአባቴ ጋር አፈር ገብቷል። እዚያ ግቢ ሳለን ይኼ የሚያልቅ ነገር አይመስለንም ነበር።

በማግስቱ ሰኞ ጠዋት ወረቀቱን ከመሳቢያው አወጣሁት። ፈረምኩ። ፊርማዬ ከመስመሩ ወረደ፣ ሌላ ንጹሕ ወረቀት አምጪ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩትና ዘረጋሁላት።

«ውሰጂው» አልኳት፣ «ደግሜ ሳላነበው።»

ግራ ገብቷት አየችኝ፣ ከዚያ ጉንጬን ሳመችኝና እየሮጠች ወጣች። በሩ ላይ ቆምኩ። ባጃጅ አስቆመች፣ ገባች፣ ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛዋለች። ባጃጁ ዋናውን መንገድ ይዞ እስኪታጠፍ ድረስ አየሁት፤ አልጠራኋትም።