እህቴ የተረጎመችልኝ ግንብ

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ወር ታላቅ እህቴ ከጄኔቭ ደወለችና ትኬት ቆርጬልሻለሁ አለችኝ። የአራት ቀን ጉዞ ነው፤ ከጄኔቭ በአውቶቡስ ተነስቶ የፈረንሳይ ነገሥታትን ግንቦች ያሳይና ባሕር ዳር ያለች አንዲት አሮጌ የመርከበኞች ከተማ አስጎብኝቶ ይመልሳል።

«አስጎብኚዋ የምትናገረው ፈረንሳይኛ ብቻ ነው። አንቺ ግን አታስቢ፣ እኔ አለሁልሽ» አለችኝ።

እኔ ስዊስ ከመጣሁ ጀምሮ የኖርኩት ዙሪክ ነው። ከከተማው ዳር፣ ኦፕፊኮን፣ አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላና ፎጣ ሳጥብ ጀርመንኛ ለምጃለሁ፤ ፈረንሳይኛዬ ግን ከቦንዡርና ከሜርሲ አያልፍም። እህቴ ደግሞ ጄኔቭ ውስጥ ሠላሳ ዓመት በሞግዚትነት ሕፃናት ስታሳድግ የኖረች ናት፤ ፈረንሳዮቹን ራሳቸውን ታርማለች። ስለዚህ ከኦርሊኮን ጣቢያ ባቡር ተሳፍሬ ሄድኩ፤ እሷ ቤት አደርኩና በማግስቱ ጠዋት ጉዟችንን ጀመርን።

የመጀመሪያው ግንብ እንደ ድልድይ ወንዝ ላይ የተዘረጋ ነበር። አስጎብኚያችን አንገቷን በሻርፕ የጠቀለለች ቀጭን ሴት ናት፤ ዝግ ባለ ድምፅ ብዙ ታወራለች። እህቴ አንገቷን አስግጋ አፍ አፏን ካየቻት በኋላ ወደኔ ዞር አለች።

«ንጉሡ ወንዝ ላይ የሠራው አማቱ ውሃ ስለምትፈራ ነው።»

«እውነት?»

«እንዳትመጣበት።»

ሴትየዋ አሥር ደቂቃ ሙሉ ያወራችው ይህንን ብቻ መሆኑ ገረመኝ፤ ግን ፈረንሳዮች ወሬ ያበዛሉ ሲባል ሰምቻለሁና ተውኩት። ቀይ ከፋይ መጋረጃ ያለው መኝታ ክፍል ስንደርስ አስጎብኚዋ እጇን ጉሮሮዋ ላይ አድርጋ፣ ፊቷን አጨማዳ የሆነ ነገር ተናገረች። ሰዉ ሁሉ በሐዘኔታ ራሱን ነቀነቀ።

«ምን አለች?»

«እዚህ ክፍል ውስጥ አንዱ መስፍን ወንድሙን አንቆ ገደለው።»

አማተብኩ። ከአልጋውም ራቅ አልኩ።

ከዚያ በኋላ እህቴ አርባ ደቂቃ ተሰጥቶናል አለችኝና አትክልቱ ቦታ ፎቶ ስንነሳ ቆየን። ስንመለስ ሾፌሩ ሞተር አስነስቶ፣ ሰዉ ሁሉ ቀበቶውን አስሮ ይጠብቀናል። ለካ የተባለው ሠላሳ ደቂቃ ነው! ስዊሶች ፊት አሥር ደቂቃ ማርፈድ ምን ማለት እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል። አንድም ሰው ክፉ ቃል አልተናገረንም፤ ቢሰድቡን ይሻለን ነበር።

«አማርኛ አታውሪ፣ ሐበሻ መሆናችንን እንዳያውቁ» አለችኝ እህቴ በሹክሹክታ። ሁለታችንም ጥለት ያለው ነጠላ አንገታችን ላይ ጠምጥመናል።

በማግስቱ ቁርስ ላይ አንዲት ጡረታ የወጣች አስተማሪ አጠገቤ ተቀመጠች። የዙሪክ፣ የቪዲኮን ሰፈር ሰው መሆኗን ስሰማ ዘመዴን ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ። እህቴ ቡና ልትቀዳ ስትነሳ፣ በጀርመንኛ፣ ያ የታነቀው ወንድም እንዳሳዘነኝ ለሴትየዋ ነገርኳት።

«የቱ ወንድም?» አለችኝ።

«መኝታ ክፍሉ ውስጥ የሞተው።»

ሴትየዋ ፈረንሳይኛ ታውቃለች። ስኒዋን አስቀምጣ ለመሳቅም ለማዘንም እንደቸገራት ሆና አየችኝ። «አስጎብኚዋ እኮ ጉሮሮዬን አሞኛልና ቀረብ ብላችሁ ስሙኝ ነው ያለችው።» አማትም የለችበትም። ንጉሡ ግንቡን ለውሽማው ሰጣት፤ እሱ ሲሞት ሚስቱ ቀማቻት፤ አለቀ።

ያን ቀን ሁሉ በሆዴ ይዤው ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን ባሕር ዳሯ ከተማ ደርሰን ከተማዋን የከበበው የግንብ አጥር ላይ ወጣን። ነፋሱ ነጠላችንን ሊወስደው ይታገላል። እህቴ እንደ ልማዷ «እዚህ ጋ ደግሞ…» ብላ ልትጀምር ስትል አቋረጥኳት።

«እትዬ፣ መስፍኑ ወንድሙን አላነቀውም።»

ባሕሩን ታያለች። ደገምኩት። አሁንም ባሕሩን ታያለች። በሦስተኛው ጮኽኩ፤ አስጎብኚዋ ሳትቀር ሁሉም ዞሮ አየን። እህቴም ያኔ ዞረች። ፊቴን አየችና የድንጋዩ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች።

«ቀኙ ጆሮዬ ከተዘጋ ሁለት ዓመት ሆነው። ግራውም ደስ ሲለው ነው የሚሰማኝ» አለችኝ።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አረጀች እንዳትሉኝ።»

«ሰባ አንድ ዓመትሽ ነው እኮ!»

«ለዚያ ነዋ።»

«ሳትሰሚ ምን ልትተረጉሚልኝ አመጣሽኝ?»

ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች። «ዙሪክ ብቻሽን ቁጭ ብለሻል። ነይ እንጎብኝ ብልሽ እንቢ ትያለሽ። ቋንቋ ቢቸግርሽ ግን እኔ እንደማስፈልግሽ አውቃለሁ።» ወደኔ ቀና አለችና፣ «ደግሞ ዝም ብዬ አልፈጠርኩም፤ እጇንና ፊቷን እያየሁ ነው። የጎደለውን ብቻ ነው የሞላሁት» አለች።

የተቆጣሁበት ነገር ጠፋኝ። የአማቲቱ ጥሩ ነበር አልኳትና ሁለታችንም ነፋሱ ውስጥ ሳቅን።

ከዚያ ወዲህ ሥራው ተከፋፈለ። የቪዲኮኗ ሴትዮ ፈረንሳይኛውን ወደ ጀርመንኛ ትመልስልኛለች፤ እኔ ጀርመንኛውን በአማርኛ በእህቴ ግራ ጆሮ እጮኻለሁ። ወሬው እሷ ዘንድ እስኪደርስ አስጎብኚዋ ሌላ ግንብ ስር ደርሳለች። እህቴ ግን ማመስገኑን ትታ ትርጉሜ ደረቅ ነው ትለኝ ነበር።

ከጉዞው በተመለስን በሁለተኛው ሳምንት እንደገና ጄኔቭ ሄጄ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ጥቃቅን መሣሪያዎች ከሁለቱም ጆሮዎቿ ኋላ ተደረጉላት። መንገድ ላይ የወፉም የትራሙም ድምፅ እያስደነገጣት፣ ክንዴን ጨብጣ ቤት ደረስን። ምሳ አቀረበችና ተቀመጥን። ሁለት ጉርሻ እንደጎረስኩ እጇን አነሳች።

«አንቺ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምታላምጪው?»

«እንዴት?»

አንዱን መሣሪያ ከጆሮዋ አውልቃ ከጨው ዕቃው አጠገብ አስቀመጠችውና መብላቷን ቀጠለች።