ሁለቱ ፊልሞችና የዘር ባቄላው

የልጅ ልጄ እጮኛ ዳባት ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው። ሠርጋቸው ለጥር ተቆርጧል። ባለፈው ሰኔ አንድ ቅዳሜ ላፕቶፑን ይዞ ደባርቅ ቤታችን መጣ፤ ለተማሪዎቹ የሚያሳየውን ፊልም ሊመርጥ ነው። ጥንት ለመድረክ የተጻፈ የውጭ አገር አሳዛኝ ተውኔት አለ፤ ሁለት ጊዜ ፊልም ሆኗል። እሱ የሚያወዳድረው ከሁለቱም ያንኑ አንድ ትዕይንት ብቻ ነው፦ ባል ወሬ ሰምቶ ሚስቱን መኝታዋ ላይ የሚገድልበትን።

የልጅ ልጄ አጠገቡ ተቀምጣ ታያለች፤ እኔ ጥጌን ይዤ ከቅርጫት ወደ ሰፌድ እያወጣሁ የዘር ባቄላ እለቅማለሁ። ቋንቋውን አላውቅም። ማን እንደሚናገርና ማን እንደሚቋረጥ ለማየት ግን ቋንቋ አያስፈልግም። አባቴ አምባራስ መንደር ውስጥ ባልና ሚስት ሲያስታርቅ፣ በተናገሩ ቁጥር ጠጠር ይጥል ነበር፤ ለባል በቀኝ፣ ለሚስት በግራ። ክምሩ ካልተቀራረበ ፍርድ አይሰጥም። እኔም ሰፌዱ ላይ ባቄላ መጣል ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ፊልም ትዕይንት አለቀ፤ ለባል ሃያ ሦስት፣ ለሚስት ሰባት። ሁለተኛው ባሰ። ሰውዬው ገና ሳይነካት ማልቀስ ጀመረ፤ መብራቱም ካሜራውም እሱ ፊት ላይ ነው። እሷ አፏን ስትከፍት የምናየው ጀርባዋን ነው። ለእሷ አራት።

«ይሄኛው ይሻላል» አለ የልጅ ልጄ እጮኛ። «ሥቃዩ ይታያል።»

«የማን ሥቃይ?»

«የባልየው ነዋ፣ እማማ። ይወዳታል እኮ።»

«እሷስ? ምስክር አለሽ ወይ ብሎ ማን ጠየቃት?»

ሳቀብኝ። «እማማ፣ አሳዛኝ ተውኔት እኮ ነው፤ ሽምግልና አይደለም።»

«ሽምግልና ስላልሆነ ነዋ ያሳዘነው!»

የልጅ ልጄ «እኔ የመጀመሪያው…» ብላ ጀመረች። «ቆይ ላስረዳሽ» አላትና ስለ መብራቱ፣ ስለ ጥላው ዘረዘረላት። ቆይታ ደግሞ «በሩን የምታንኳኳው ሠራተኛዋ…» አለች። «እሷ ዋና ገጸ ባሕርይ አይደለችም» ብሎ አቋረጣት። የፊልሙን ባቄላ ወደ ቅርጫቱ መልሼ አዲስ ክምር ጀመርኩ።

እንዴት እንደነደደኝ! ለማንስ ይነገራል? ልጁ አይጠጣም፣ አይሳደብም፣ ጎረቤቱ ሁሉ «የታደለች» ይላታል። ምን ብዬ ልክሰሰው? ሲናገሩ ያቋርጣል ብዬ? ለአባቷ አንድ ጊዜ ጀምሬለት፣ «እናቴ፣ ደግሞ ምን አገኘሽበት!» ብሎኝ ወጥቷል። እሱም አላስጨረሰኝም።

የልጅ ልጄ እጮኛዋን አውቶቡስ ድረስ ሸኝታው ተመለሰች።

«እምዬ፣ በእንግዳ ፊት ምን ማለትሽ ነው?» ብላ ተቆጣችኝ። ከዚያ ሰፌዱን አየችው። በቀኝ በኩል ያለው ክምር ጠርዙን አልፎ ሊፈስ ነው። በግራ በኩል ጥቂት ፍሬ ተቀምጧል።

«የትኛው ፊልም ነው ይሄ?»

«ፊልም አይደለም። የእናንተ ነው፤ የዛሬ ከሰዓት።»

ቀለበቷን እያሽከረከረች ቆመች።

«የኔ ስንት ነው?»

«አምስት።»

«ሻይ ልጨምርልህ ያልኩትንም ቆጥረሽዋል?»

«ቆጥሬዋለሁ። ሁለት ጊዜ ብለሽዋል።»

ቁጢጥ ብላ በግራ በኩል ካለው ሁለት ፍሬ አነሳችና ወደ ቅርጫቱ ጣለች።

«እነዚህ አይቆጠሩም» አለች።