ከአሰልጣኙ አጠገብ ያለው መስመር

ስም ዝርዝር ሲነበብ የራሳችሁን ስም እየጠበቃችሁ፣ አንባቢው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ሲከት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነበር፣ በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ኢስት ዮርክ የሚባል ሰፈር ባለ አንድ የመናፈሻ ሜዳ ላይ፤ ታኬታዬን አጥብቄ አስሬ ቆሜ ነበር።

ቡድናችን የሐበሾች ቡድን ነው፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንጫወታለን። እኔ የቀኝ ክንፍ ነበርኩ። አሰልጣኛችን አባቴን የሚያክሉ፣ ታክሲ የሚነዱ፣ ሁላችንም አንቱ የምንላቸው ሰው ነበሩ። በሰኔ፣ ለፈረንጆቹ በጋ ውድድር ወደ ሌላ ከተማ የሚሄዱትን ልጆች ስም አንብበው ጨረሱ።

«ጋሼ፣ እኔስ?» አልኩ።

«አንተማ ግራ እግርህ ለመቆሚያ ብቻ ነው የተሰጠህ» አሉ። «ያንን እግር ስትቀይር እናወራለን።»

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉም አብልጦ የሳቀው ጓደኛዬ፣ የግራ ተከላካያችን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። ለምን አልመለስኩላቸውም? አገሩን እንደገባሁ ክፍል ያፈላለጉልኝ፣ የመጀመሪያውን የክረምት ካፖርት ያለበሱኝ እኚሁ ሰው ናቸው። ለእንዲህ ያለ ታላቅ መልስ አይሰጥም። «እሺ ጋሼ» ብዬ ታኬታዬን ፈታሁ። ቂሙን ግን ይዤ ሄድኩ።

በመስከረም ኖርዝ ዮርክ በአንድ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመርኩ። የሕንፃው ጽዳትና ጥገና ኃላፊ ግራ ጉልበቱ የማይታጠፍ እንግሊዛዊ ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ በስፖርት አዳራሹ ኳስ ከግድግዳ ጋር ሳላጋ ደረሰ።

«ግድግዳው ምን አደረገህ፣ መምህር?»

ነገርኩት። አልሳቀም። መወልወያውን አስደግፎ ተቀመጠና የራሱን ታሪክ ጀመረ።

እሱም ክንፍ ነበር። በአሥራ ሁለት ዓመት ሰባት ቡድን ቀያይሯል፤ ሁሉም ሦስተኛና አራተኛ ዲቪዚዮን ናቸው። በአሥራ ስድስት ዓመቱ በአንድ የከሰል ማዕድን ከተማ የትልልቆቹን ጫማ እየጠረገ ጀመረ። ከዚያ ያሻማውን ኳስ ነፋሱ መልሶ ወደሚያመጣበት የባሕር ዳርቻ ቡድን ሄደ። አንዱ ቡድን በውሰት ለሌላ ሰጥቶት ረሳው፤ መሰናበቱን ከአካባቢው ጋዜጣ ላይ አነበበ። አንዱ አሰልጣኝ ደግሞ መኪና ማቆሚያው ውስጥ፣ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ፣ በመስኮት አሰናበተው። ስንብቱ ሁልጊዜ ግንቦት ላይ ነው።

«አዲሱ የጨዋታ ሰሌዳ ሲወጣ መጀመሪያ የምፈልገው ያባረሩኝን ነበር» አለኝ። «ቀኑን ሳገኝ ሦስት ጥያቄ እጠይቃለሁ። ሰውየው ስለ እኔ ምን ብሎ ያምናል? ያመነው እውነት ነው ወይ? በየትኛው አጋማሽ ነው አጠገቡ የምሮጠው?»

ሦስተኛው አልገባኝም ነበር፤ ምናልባት እናንተም አልገባችሁ ይሆናል። አሰልጣኝ የሚቆመው መስመሩ ዳር ነው፣ ክንፍ የሚሮጠውም መስመሩን ይዞ ነው። በአንዱ አጋማሽ ከማዶ ትሆናለህ፤ ከእረፍት በኋላ ቡድኖቹ የሜዳ ክልል ሲቀያየሩ ግን እጁን ቢዘረጋ ይነካሃል። የመሐል አጥቂ ሲያገባ ከሩቅ ነው። የክንፍ ግን ትንፋሹ ሁሉ ይሰማል።

«ታዲያ ይሄ ቂም አይደለም?» አልኩት።

«ነው እንጂ! አሥራ ሁለት ዓመት ምን ያስሮጠኝ መሰለህ? ደመወዙ?»

አንድ ጊዜ ብቻ እንደተሳሳተም ነገረኝ። ያ ሞተሩን ያላጠፋው አሰልጣኝ በእሱ ሁለት ጎል ሲሸነፍ መልሶ ጠራው፤ ደስ ብሎት ሄደ። በግንቦት እዚያው መኪና ማቆሚያ ውስጥ እንደገና አሰናበተው።

ሁለተኛውን ጥያቄ ለራሴ መለስኩ። እውነት ነበር፤ ግራ እግሬ አይረባም። በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ ከትምህርት በኋላ አዳራሹ ውስጥ ቆየን። እንግሊዛዊው ቀኜን ነጠላ ጫማ አስደረገኝ፣ በቀኝ መምታት እንዳያምረኝ። ግድግዳው ላይ በጠመኔ ክብ ሣለ። ክቡን ስስት «ክፍል ድገም፣ መምህር!» ይለኛል።

በፀደይ ሬክስዴል የሚባል ሌላ ሰፈር ቡድን ተቀበለኝ። ከቀድሞ ቡድኔ ጋር የተገናኘነው እዚያው ኢስት ዮርክ ሜዳ ላይ ነው። በመጀመሪያው አጋማሽ ከማዶ ነበርኩ። ግራዬን ደበቅሁ፤ በውጭ በኩል ብቻ፣ በቀኝ ብቻ ሮጥኩ።

«የቤት ሥራ ማረም የለብህም እንዴ ዛሬ?» ይለኛል ጓደኛዬ፣ ኳሱን እየነጠቀ።

ከእረፍት በኋላ ጋሼ አጠገብ ደረስኩ።

«ወደ ውስጥ ልቀቀው!» ብለው ጮኹ። «ግራ የለውም! ውስጡን ክፈትለት!»

ጓደኛዬ ታዘዘ፤ ከፈተልኝ። ገባሁና በግራ መታሁ። የመጀመሪያውን በረኛው አወጣው። ሁለተኛው መረብ ነካ። ስመለስ መስመሩን ይዤ፣ በርምጃ፣ በጋሼ ፊት አለፍኩ።

«ጋሼ፣ ግራ አለው እኮ!» አለ ጓደኛዬ።

«ዝም ብለህ ያዘው!»

በሦስተኛው አሻማሁ፤ ልጃችን በጭንቅላቱ አገባ። ጓደኛዬን ቀየሩት። ማሊያውን ፊቱ ላይ ሸፍኖ ሲቀመጥ አየሁ፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። አሁንም አልጸጸትም።

ጨዋታው ሲያልቅ ጋሼ መጥተው በሰው ሁሉ ፊት ትከሻዬን ያዙ።

«የዘንድሮው ዝርዝር ባንተ ስም ነው የሚጀምረው። ማሊያህን መጥተህ ውሰድ።»

ዓመት ሙሉ የፈለግሁት ይህንኑ ነበር። «እሺ» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ አልዋሻችሁም። ዋጥኩትና እጅ ነሳሁ።

«እግዜር ያክብርልኝ ጋሼ። እኔ ከእነዚህ ጋር ነኝ።»

«ልጄ፣ ቂም ይዘህብኝ ነው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

እጃቸውን ከትከሻዬ አነሱ። ለታላቅ ሰው የመለስኩት የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው። የገዛ ድምፄ ደስ አለኝ።

እስቲ እናንተም ሞክሩት። ከዝርዝር ያወጣችሁን ሰው አስቡና ሦስቱን ጥያቄዎች ወረቀት ላይ መልሱ። ሁለተኛዋን እንዳትዘሉ፤ የምታመውም የምትሠራውም እሷ ናት። ከዚያ አንድ ዓመት ሥሩ፣ ቀኑን ጠብቁ፣ በአጠገባቸው ሩጡ። ሲጠሯችሁም በጨዋ ደንብ እምቢ በሉ።