የጌጥነሽ እናት ሥራ

ጌጥነሽ ዳውንታውን ዴንቨር በሚገኝ አንድ ሕንፃ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቢሮ አጽድታለች። አውሮራ በሚገኘው ቤተ ክርስቲያናችን ጎን ለጎን ነው የምንቀመጠው፤ ስለ እናቷ ግን አንድም ቀን አንስታልኝ አታውቅም።

ባለፈው ግንቦት ሐዋርያው ጳውሎስ የሄደበትን መንገድ ለማየት ከቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ጋር ግሪክ ሄድን። የጌጥነሽ ልጅ ሲናም አብራን ነበረች። ሲና ከተጓዦቹ የአንዷን፣ የብርቅነሽን ልጅ፣ ክርስቲያን የሚባለውን ልታገባ ነበር፤ ስንመለስ ሽማግሌ ሊላክ ቀጠሮ ተይዟል። የልጇ አማት የምትሆነው ብርቅነሽ በምንጓዝበት አውቶቡስ ውስጥ ስለነበረች ጌጥነሽ አፏን እየጠበቀች ብዙም አታወራም ነበር።

አንድ ቀን በወይራ እርሻ መሐል ካለች ሙዚየም ደጃፍ ወረድን። ሁለት ክፍል ብቻ ናት። በሩ ላይ ዳንቴል ትሠራ የነበረች አንዲት ሴት ተነሥታ መብራት አበራችልንና ታስጎበኘን ጀመር። በመስታወት ሳጥን ውስጥ አንድ ጆሮው የተሰበረ እንስራ አለ።

“ሠሪው አይታወቅም፤ ወንድ ሳይሆን አይቀርም ነው የምትለው” ብላ ሲና የሴትዮዋን እንግሊዝኛ ተረጎመችልን።

“ሴት ናት” አለች ጌጥነሽ። “ጆሮው የተጣበቀበትን እዪው። አውራ ጣቷን ጭቃው ላይ ጫን አድርጋዋለች። ትንሽ ጣት ነው።”

ብርቅነሽ ሳቀች። “አንቺ ደግሞ ከየት አመጣሽው? ሸክላ ሠሪ ነገር ነሽ እንዴ? በኢየሱስ ስም!”

ሁላችንም ሳቅን። ጌጥነሽም አብራን ብትስቅ ነገሩ እዚያው ያልፍ ነበር። ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው፣ ከእነሱ ጋር ጋብቻ አይታሰብም ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው፤ ጌታን ከተቀበልን በኋላም ይህ አስተሳሰብ ከብዙዎቻችን አልወጣም።

“አዎ ነኝ” አለች። “እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። እኔም ጭቃ ረግጫለሁ። አገሩ በእሷ እንስራ ውሃ ይጠጣ ነበር፤ እሷን ግን ከደጃፉ አያስገባትም ነበር።”

ብርቅነሽ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። “ጌጤ፣ እኔስ ምንም አልልም። ሽማግሌዎቹ ዘር ሲጠይቁ ግን ዝም በይ። ለልጆቹ ስትይ።”

“ዝም አልልም። የሰው አገር ሰው ለሸክላ ሠሪ ሥራ መብራት ያበራል፤ እኔ እናቴን ልደብቃት?”

“ማሚ፣ ለኔ እንኳን ለምን አልነገርሽኝም?” አለች ሲና።

“ፈርቼ ነዋ። አሁን በቃኝ።”

በሰኔ ወር ሦስት ሽማግሌዎች ግሪን ቫሊ ራንች በሚባለው ሰፈር ወዳለው የጌጥነሽ ቤት መጡ። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ሶፋው ላይ ተደረደሩ። ጌጥነሽ ዘር እስኪጠየቅ አልጠበቀችም።

“የመጣችሁላት ልጅ የሸክላ ሠሪ የልጅ ልጅ ናት” አለች ቆማ። “ይህ የሚከብደው ካለ ጫማው በሩ ላይ ነው።”

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ጋሽ ፍቅረየሱስ፣ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። ማንም አልተነሣም።