የተክልዬ ጽዋና የአባቴ እግር

ልጅ እያለሁ የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ሥዕል ቀና ብዬ ማየት አልችልም ነበር። ከጸሎት ብዛት የተሰበረችው እግራቸው ለብቻዋ ወድቃ ትታያለች። ነሐሴ ሃያ አራት ደግሞ የዕረፍታቸው ቀን ነው። በእኔ ትንሽ ጭንቅላት ነገሩ ግልጽ ነበር፤ እግሩ የተጎዳ ሰው ይሞታል።

ያን ክረምት ሥዕሉ በጋምቤላዋ አቦቦ በነበረው ቤታችን ከአባቴ አልጋ በላይ ተሰቅሎ ነበር። ሥዕሉ ከማኅበሩ ጽዋ ጋር ከቤት ቤት ይዞራል፤ ጽዋውን የተረከብነው እኛ ስለነበርን የዓመቱ ድግስ የእኛ ተራ ነው። አባቴ ግን በቆሎ ማሳችንን ሲመነጥር ገጀራ እግሩን ቆርጦት ተኝቷል። እግሩ አብጦ ጠቁሯል። ሽታው እናቴ በሙዝ ቅጠል ከምትጋግረው ድፎ ዳቦ ሽታ ጋር ይቀላቀል ነበር፤ እስከ ዛሬ ትኩስ ድፎ ሲሸተኝ ያ እግር ይታየኛል።

በዋዜማው ጠዋት ከጤና ጣቢያ የመጣችው ነርስ እግሩን ገልጣ ስታይ ፊቷ ተለወጠ። ዛሬውኑ ጋምቤላ ሆስፒታል ካልገባ እንደማይተርፍ ለእናቴ ስታንሾካሹክላት ከበሩ ጀርባ ሆኜ ሰማሁ። አባቴ ግን አንዴ እንቢ ካለ አለ ነው። «ነገ ተክልዬ ነው፤ ጽዋውን ሳላስረክብ ከዚህ ቤት አልወጣም» አለ። እናቴ ብትለምነው፣ ብታለቅስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እኔም ጽዋው ከወጣ አባቴም ይወጣል ብዬ አሰብኩ። ጽዋውን የነካ ልጅ እጁ ይደርቃል እየተባልን ነው ያደግነው። አባቴ ሲያንቀላፋ ከነመሸፈኛው አቅፌው ሹልክ አልኩ። ጭቃው እስከ ጉልበቴ ይውጠኛል። በየጥቂት እርምጃው ቆም እያልኩ ጣቶቼ ደርቀው እንደሆነ አንቀሳቅሳቸው ነበር። ቀጣዩ ተረኛ ጋሽ በላይ ቤት ስደርስ «አባዬ ነው የላከኝ፤ ዛሬ ይረከቡኝ ብሏል» አልኩ። የተክልዬን ጽዋ ይዤ ዋሸሁ! አሁን አባቴ በእኔ ውሸት ይሞታል እያልኩ ጽዋውን ዘረጋሁለት።

ጋሽ በላይ ጽዋውን አየ፣ እኔን አየ፤ ከዚያ ጽዋውን እንደያዘ ማኅበርተኛውን ሊጠራ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ማኅበርተኛው ካህኑን ይዞ ቤታችንን ሞላው። ጸሎት ተደረሰ፤ ዳቦው ተቆረሰ፤ አባቴ እንደተኛ ጽዋውን በሥርዓቱ አስረከበ። ጠላውን ቆመው ጠጡና ቃሬዛ አስገቡ። ቃሬዛ ሬሳ ሲወጣበት እንጂ በሕይወት ያለ ሰው ሲተኛበት አይቼ ስለማላውቅ ጮህኩ።

መንገዱን ጎርፍ ቆርጦት ስለነበር መኪና የሚገኘው ከወንዙ ማዶ ነው። የቃሬዛውን ፊት የያዙት የእማማ አሪየት ሁለት ልጆች ነበሩ። እማማ አሪየት፣ እኛ በሰፈራ ስንመጣ አገሩን ያሳየችን አኙዋ ጎረቤታችን፣ ለእናቴ የመንገድ ስንቅ የተጠበሰ ዓሳ አስያዘቻትና እጄን ያዘችኝ። «አንቺ ልጅ፣ አታልቅስ። አባት ይመጣል። እኔ ቤት ትበላ፣ እኔ ቤት ትተኛ» አለችኝ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ። አላመንኳትም።

አባቴ ከወር በላይ ቆይቶ፣ አንድ እግሩን ጋምቤላ ትቶ መጣ። ጻድቁም እግራቸው ከተሰበረ በኋላ ለዓመታት በአንድ እግራቸው ቆመው እንደጸለዩ ካህኑ የነገሩኝ ያኔ ነው።

ዛሬ ስልክ ከተደወለ መኪና ደጅ ድረስ ይመጣል። ጋሽ በላይ ምስጢሬን እንደያዘ ሞተ፤ እማማ አሪየትም የለችም። ባለፈው ነሐሴ ጽዋው እኔ ቤት ነበር። አባቴ በክራንቹ ተደግፎ ሥዕሉ ፊት ቆሞ ሳለ ሁሉን ተናዘዝኩለት። አልደነገጠም።

«ስትወስጂው አይቼሻለሁ» አለኝ ዓይኑን ከሥዕሉ ሳይነቅል። «ተመለሺ ልልሽ ነበር፤ ግን ልጄ፣ መሞት ፈርቼ ነበር።»

ያን ቀን በዚያ ቤት የፈራሁት እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።