ባለ አረንጓዴ መስመሩ ጨርቅ

ትርፊት የሰፋቻቸው የልደት ጨርቆች ስምንት ናቸው። ዘጠነኛ የለም። ትልቁ ከሁለት መዳፍ አይበልጥም። ሳጥኗን ከፍታ አልጋዋ ላይ ስትደረድራቸው የሆሳዕና ሰው ሁሉ ተሰብስቦ የመጣ መሰለኝ። ቢጫው የጎረቤት ቀሚስ ነው፣ ሰማያዊው የመምህር ሱሪ፣ ካኪው የአባቷ ኮት።

አባቷ ከመንዝ ተሾመው የመጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ሲሞቱ ለትርፊት የተዉላት ያንን ኮትና ገና ጥርሱን ያልቀየረ ወንድሟን፣ ሰይፈሥላሴን ነው። ልብስ ስፌት ተምራ አሳደገችው። ኋላ ሂሩትን ወለደች፤ የሂሩት አባት ግን ልጅቷ ሳትወለድ አዲስ አበባ ሄዶ በዚያው ቀረ። ያኔ ያልተለየቻት ከበቡሽ ናት። ሁለቱ አንድ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናቸውን ጎን ለጎን አቁመው፣ በአንድ መቀስ እየቆረጡ ይውሉ ነበር።

ሂሩት አንድ ዓመት ሲሞላት ትርፊት በዓመቱ ለዘመድ ወዳጅ ከሰፋችው ልብስ ሁሉ ትንሽ ትንሽ ቁራጭ አስቀርታ፣ አቡጀዲ ላይ ገጣጥማ ግድግዳ ላይ ሰቀለች። ከዚያ በየዓመቱ ጥር ላይ አዲስ ትሰፋለች። በሕይወት ላለ ሰው ከዚያው ዓመት ልብሱ አዲስ ቁራጭ ይገባለታል። ለሞተ ሰው የድሮው ይደገምለታል፤ የአባቷ ካኪ ስምንቱም ላይ ያው ነው። ድፎው ተቆርሶ፣ ሻማው ከጠፋ በኋላ እንግዳው ሁሉ ተነስቶ በጣቱ የራሱን ቁራጭ ይፈልጋል። ቀድሞ ያገኘ ሚሪንዳ ይሸለማል።

በ1979 ክረምት የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ ሲጠነክር ሰይፈሥላሴ ከሆሳዕና ጠፋ። ትርፊት ለጠየቃት ሁሉ «ሁመራ ለእርሻ ሥራ ሄዷል፤ ደብዳቤም የለው» ትል ነበር። ለከበቡሽም ያንኑ አለች። እሱ ግን ከሆሳዕና ብዙም በማይርቀው ፎንቆ፣ ከበቡሽም በምታውቃቸው አክስቷ በእትዬ ሙሉመቤት ቤት ነበር፤ ቀን ቀን ከጓሮው እንሰት ውስጥ አይወጣም።

ኅዳር ላይ አንድ ነጋዴ ባለ አረንጓዴ መስመር ቴትሮን ጨርቅ አመጣ፤ ለአንድ ሸሚዝ የምትበቃ ብቻ። የቆረጠችላት ከበቡሽ ናት።

«የማን ነው እንዲህ የሚያምር?»

«የደንበኛ።»

«ደንበኛሽ ትከሻው ሰፊ ነው» አለች ከበቡሽ፣ ልኩን እያየች። ሳቁ።

ጥር ሲደርስ ትርፊት ከወንድሟ ሸሚዝ ያስቀረቻትን ቁራጭ በእጇ ይዛ ሁለት ቀን አመነታች። «ተይው ያለኝ አልነበረም፣ አስገቢውም ያለኝ አልነበረም» አለችኝ። «ብተወው ግን ከቤቱ አወጣሁት ማለት ነው። የድሮውን ብደግምለት ደግሞ በእጄ ገደልኩት።» ከታች፣ ጥግ ላይ ሰፋችው።

በሰባተኛው ልደት ሁሉም የራሱን አገኘ። ሂሩት «አጎቴስ?» ስትል ትርፊት የልጅቷን ጣት ይዛ ጥጉ ላይ አኖረችው። ከበቡሽ አጠገባቸው ቆማ ነበር። ድፎዋን እያኘከች ጨርቁን አየች፣ ትርፊትን አየች።

«ከእኔ ደበቅሽው» አለች ቀስ ብላ።

«ከቤ፣ ከሰው ሁሉ ነው የደበቅኩት።»

«እኔ ሰው ሁሉ ነኝ?»

በሳምንቱ የከበቡሽ ልጅ ጴጥሮስ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ታፈሰ፤ ቀበሌ አዳራሽ አስገቡት። ከአራት ቀን በኋላ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

በማግስቱ እትዬ ሙሉመቤት ከፎንቆ በእግራቸው መጥተው በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ውሃ እንኳ አልጠየቁም።

«ወሰዱት ልጄ። ትናንት ረፋዱ ላይ።»

«ማን ነገራቸው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ስሙን እንኳ አልጠየቁም። ‹ባለ አረንጓዴ መስመር ሸሚዙ የት አለ?› ነው ያሉት። ደግሞ እኮ ያን ቀን ሸሚዙን አጥቤ አስጥቼለት፣ ራቁቱን ነበር። ከአጥሩ ላይ አንስተው ‹ልበስና ና› አሉት።»

ትርፊት ዞር ብላ የከበቡሽን የስፌት መኪና አየች። ሸራ ለብሷል። ከበቡሽ ያን ሰሞን «አሞኛል» ብላ አልመጣችም።

በሦስተኛው ቀን መጣችና ሸራዋን ገልጣ ተቀመጠች። ስለዚያ አንድ ቃል አልተነጋገሩም። ዓመት ሙሉ «መቀሷን አቀብይኝ»፣ «ነጭ ክር አለሽ?» እየተባባሉ ጎን ለጎን ሰፉ። ትርፊትን እንዴት እንደቻለችው ጠየቅኳት። «መቀሷ አንድ ናት» አለችኝ።

ከሰይፈሥላሴ ወሬ አልመጣም። ጥር ግን መጣ። ከበቡሽም ድፎ ጋግራ፣ ጴጥሮስን አስከትላ መጣች። ሻማው ጠፋ። እንግዳው ተነሳ፤ ጴጥሮስ ከሁሉ ቀድሞ የራሱን ግራጫ አግኝቶ ሚሪንዳውን ወሰደ። የከበቡሽ ጣት ብቻ ጨርቁ ላይ ሲዞር ቆየ።

«ትርፌ፣ የኔ የት አለ?»

«ፈልጊው።»

ጣቷ ባለ አረንጓዴ መስመሩ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይሄ እኮ የሰይፉ ነው።»

«ከሸሚዙ የተረፈው ነው። አንቺው ነሽ የቆረጥሽልኝ፤ አንቺው ነሽ የምታውቂው።»

ከበቡሽ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። «ልጄን መኪና ላይ ጭነውት ነበር» አለች፣ ጴጥሮስን ሳታየው። «ሞተሩ ተነስቶ ነበር፣ ትርፌ።»

«አውቃለሁ። ድፎሽን ብዪ።»

ከበቡሽ ቁራሹን ጉልበቷ ላይ እንዳስቀመጠች ቀረች። ሂሩት እናቷን በቀሚሷ ጎተተቻት።

«አጎቴስ?»

ትርፊት የልጅቷን ጣት ይዛ ጥጉ ላይ አኖረችው። እዚያ ጨርቅ አልነበረም። አራቱ ጎኖች በክር ተከበዋል፣ መሃሉ ባዶ አቡጀዲ ነው። እኔ ሳየው ነጭነቱ ወይቧል፤ የአንዲት ትንሽ ልጅ ጣት ደጋግሞ የነካበት ቦታ ደግሞ ጠቁሯል።